ያልተቆፈረው መሬት ዋጋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሰላም ሲለኝ እጁን ሳይሆን ስልኩን ነው የሚዘረጋልኝ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ከመስጊድ ወጥቼ ጫማዬን ስፈልግ፣ ሰኞ ገበያ ግፊያ መሐል ሽንኩርት ስመርጥ፣ አንዱ ከጎኔ ብቅ ይልና የግድግዳ ፎቶ ያሳየኛል። «ጋሽ እንድሪስ፣ ይቺን ስንጥቅ እስቲ ይዩልኝ። ስንት ትፈጀኛለች?» ጡረታ ስል በየወሩ የሚከፍለኝ አለ ማለቴ አይደለም። ያሰናበተኝ ጉልበቴ ነው፤ አላጎነብስም አለ፣ እኔም እሺ አልሁት።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስንጥቅ በፎቶ አይታወቅም። ሰውየው ቅር ብሎት ይሄዳል። ቤቴ ከገባሁ በኋላም የዚያ ሰውዬ ግድግዳ ከዓይኔ አይጠፋም። በተለይ ክረምቱ ሲቃረብ፣ ሰማዩ ከደሴ በላይ፣ በጦሳ ተራራ በኩል ሲጠቁር ይብስብኛል። ሌላው ሰው ዝናብ ሲመጣ ልብሱን ከገመድ ላይ ያነሳል፤ እኔ የማውቃቸውን ቤቶች በሐሳቤ እየዞርሁ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ የከተማው ቤት ሁሉ ያንተ ነው እንዴ?» ትለኛለች። አይደለም። ግን አንዳንዱ ከሥሩ የእኔ እጅ አለበት።

ሥራዬ የመሠረት ጥገና ነበር። ቤት ሲሠራ ዱአ ይደረጋል፣ በግ ይታረዳል፣ ምርቃት ይወርዳል። እኔ የምጠራው ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በሩ ወለል መፈተግ ሲጀምር ነው። ባለቤቶቹ እንደ ሐኪም ይጠሩኝና እንደ ቀብር ቆፋሪ ያዩኛል።

ወጣት ሳለሁ ኮምቦልቻ ውስጥ መጋዘን ከሚሠራ ተቋራጭ ዘንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበርሁ። አለቃችን ጩኸታም ነበር፤ ሥራን የሚለካው ሠራተኛው ባላበው ላብ ነው። ከዚያ ደጋን ሄድሁ፣ ከዚያ ገራዶ። ደሞዝ የዘገየበትንም ጭራሽ የቀረበትንም ቦታ አየሁ፤ እሱን ተዉት። ሙያ ያስተማረኝ ግን ጋሽ ደምሴ ነው። የኮምቦልቻ ሰው፣ ቀጭን፣ ጾም የማያስታጉል፣ ቃል የሚቆጥብ። መሠረት መጠገን ለብቻው ሙያ መሆኑን ከእሱ በፊት የነገረኝ አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ የተሰነጠቀ ቤት ሲጠራ ስንጥቁን አያይም። ባለቤቱ እጁን ይዞ ወደ ስንጥቁ ሲጎትተው እሱ በሮቹን ይዞራል። የሳሎኑን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የቁም ሳጥኑን ሳይቀር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። «ግድግዳ በልስን ይሸፈናል። በር ግን መዋሸት አይችልም» ይል ነበር። ቀጥሎ ውሃ ይጠይቃል። የቤቱ እመቤት የጠማው መስሏት በብርጭቆ ታመጣለታለች። አመስግኖ ግማሹን ይጠጣና የቀረውን በቤቱ ጥግ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ አጎንብሶ ያያል። ውሃው ከቤቱ ከራቀ ፊቱ ይፈታል። ወደ ግድግዳው ከተመለሰ ቤቱን ከውጭ መዞር ይጀምራል፤ ያኔ እኛም እንከተለው ነበር።

በመጨረሻ ጄሶ በጥብጦ በስንጥቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር ያሻግርበታል። ጄሶው ሳይሰበር ከከረመ ስንጥቁ የሞተ ነው፤ ቤቱ አንዴ ተንቀሳቅሶ አርፏል። ጄሶው ከተሰበረ ቤቱ ገና እየሄደ ነው። ያ እስኪታወቅ ዋጋ ተናገር ቢሉት አይናገርም።

ሲናገርም በብር አይደለም፤ በከብት ነው። የሞተውን ስንጥቅ አጥቦ፣ ሞልቶ መለሰን የአንድ በግ ዋጋ ነው። ውሃው ወደ ቤቱ የሚመለስ ከሆነ፣ አሸንዳ መስቀልና ቦይ ቆፍሮ ማራቅ የአንድ ጊደር ዋጋ። መሠረቱ ራሱ ከሰመጠና ከሥሩ ገብተን አዲስ የምናስይዝ ከሆነ ጥማድ በሬ፤ እሱም ለአንድ ጎን ብቻ። «አራቱም ጎን ቢሆንስ?» ሲሉት «እሱማ በረቱ ሙሉ ነው። አፍርሶ መሥራት ይሻላል» ይላል። ይህን ስሌት ዛሬም ለሚጠይቀኝ እናገራለሁ። ሲሚንቶ ስንቴ ተሰቅሏል፣ ፌሮ ስንቴ ጠፍቷል፤ የጋሽ ደምሴ ዋጋ ግን አልተለወጠም፤ ሲሚንቶ ሲወደድ በሬም ይወደዳል። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ብዙ ሰው በሬውን ፈርቶ በጉን ደጋግሞ ይከፍላል። ሕያዉን ስንጥቅ በየዓመቱ እየመረገ፣ እየቀባ፣ መጨረሻ ላይ በሬዎቹንም ያስረክባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ደሴ ላይ ጠላትህ ውሃ ነው፤ ተዳፋቱን ይዞ ከላይኛው ጎረቤት ግቢ ወደ ታችኛው መሠረት ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደግሞ አፈሩ ራሱ ነው። ዋልካው፣ ያ ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ጋ መሠረት ከሰመጠ መድኃኒቱ ያው ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው መሬት በየክንዱ ይከፈላል። አንዱ ይቆፈራል፣ ቀጣዩ ይዘለላል። የተቆፈረው በድንጋይና በኮንክሪት ተሞልቶ እስኪጠነክር ድረስ ቤቱ የሚቆመው በተዘለለው መሬት ላይ ነው። ከዚያ ተራው ይለወጣል። ጥማዱን በሬ የሚበላው ይሄ መጠበቅ ነው። ሠራተኛው ተቀምጦ ይከፈለዋል፤ የተከራየነው የድጋፍ እንጨትም ሥራ የፈታ እየመሰለ ይቆማል። ባለቤቶች ይህን አይወዱም። «ለተቀመጠ ሰው ልክፈል?» ይላሉ።

ጋሽ ደምሴ በርጩማውን ባልተቆፈረው መሬት ላይ አድርጎ ምሳውን እዚያው ይበላ ነበር። ባለቤቱ ሲያጉረመርም መሬቱን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና «የምትከፍለው ለቆፈርሁት አይደለም፤ ላልቆፈርሁት ነው» ይለዋል። እኔ ያኔ የሽማግሌ አመል ነበር የመሰለኝ።

ጋሽ ደምሴ ካረፈ በኋላ፣ ብቻዬን ስሠራ ነው እትዬ ዘምዘም ያስጠሩኝ። ከሰኞ ገበያ በላይ፣ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። በሮቹን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። ውሃ አፈሰስሁ። ጄሶው ተሰበረ። የታችኛው ጎን ሰምጧል፤ ጥማድ በሬ ነው።

«በሬ ከየት ላምጣ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ የፊት በሩን አሳዩኝ፤ ወፍራም፣ በእጅ የተጠረበ፣ የወይራ መቀርቀሪያ ያለው። «በዚህ በር ሙሽራ ሆኜ ገባሁ። ጀናዛዬም በዚህ በር ይውጣ። አላህን ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ዋጋውን ዘርዝሬ ነገርኋቸው፤ ድንጋይና ሲሚንቶው ይሄን ያህል፣ የሰው ጉልበቱ ከዚያ የሚበልጥ። ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ወሰድሁት። ጉልበቱ ለምን እንደሚበልጥ አልነገርኋቸውም፤ ማን ይጠይቃል ብዬ።

የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች ከፍተን፣ ቅዳሜ ዕለት ሠራተኞቼን አሳርፌ ፌሮ ልመርጥ ኮምቦልቻ ወረድሁ። እትዬ ዘምዘም ለጎረቤት ሴቶች የጉልበቱ ወጪ እንደከበዳቸው ነግረው ኖሯል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ዝም አይባልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ዶማና አካፋውን ይዞ ለደቦ ወጣ። የዘለልሁትን መሬት ሲያዩ ደግሞ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈል ታጥቶ ሳይነካ የቀረ ሥራ መሰላቸው። እየዘፈኑ ቆፈሩት።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ስወጣ ከሩቅ አዩኝ። «አብሽር እንድሪስ! ጨረስንልህ!» አሉ፤ ፊታቸው ሁሉ ያበራል። ከግድግዳው ሥር ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ቦይ ተቆፍሯል። ቤቱ በአየር ላይ ቆሟል። ወደ ጉድጓዱ ሮጥሁ። በእጄ እየጎተትሁ «ውጡ!» አልኋቸው። ሁሉንም አወጣን፤ የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክመን ሮጥን። የመጀመሪያው ድጋፍ ቦታውን ሳይዝ ግድግዳው ቁጭ አለ። እንደ ደከመው ሰው ነው ቁጭ ያለው፤ ቀስ ብሎ። ጣሪያው ተከተለው።

እትዬ ዘምዘም ከጎረቤት ቤት ወጥተው መጡ። «ሰው ተረፈ?» አሉ።

«ተርፏል።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉና ቀና አሉ። የፊት በሩ ከነመቃኑ ቆሞ ቀርቷል፤ ወደ ምንም የሚያስገባ በር። ሲዘፍኑ የነበሩት ሰዎች አፈር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አንዱም ክፉ አላሰበም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ የምቆጣው ሰው የለኝም።

እትዬ ዘምዘም የቀረ ዕድሜያቸውን በልጃቸው የኪራይ ቤት ኖሩ። ሲደክሙ አስጠሩኝ። «አውፍ ብያለሁ፤ አንተንም ጎረቤቶቼንም። በሩን ግን ውሰደው። ቤት የሌለው በር ምን ያደርግልኛል? ሴት ልጅ አለችህ፤ ለሷ ይሁን።» ጀናዛቸው የወጣው በሰው በር ነው። ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ።

በሩን ወስጄ ከቤቴ ጀርባ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር አስደገፍሁት። እዚያው ከረመ። ልሰቅለው አልደፈርሁም፤ ልጥለውም አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ቤት ሁሉ በርጩማዬን ባልተቆፈረው መሬት ላይ አድርጌ ምሳዬን እዚያ በላሁ። ዋጋም ስናገር ከጉልበቱ ጀመርሁ፤ ምን እየገዙ እንደሆነ ሳያውቁ ዶማ አላነሣሁም።

ልጄ ሩቅያ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቤት ልግዛ ስትል ተቃውሜ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሁለቱም ካፋቸው ነጥቀው ያጠራቀሙትን በሙሉ አፈሰሱበት። «አባ፣ አንተ ያየኸውን ሁሉ ብንፈራ ዛፍ ላይ ነው የምንኖረው» ብላ አሳቀችኝ። በዚህ በጋ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ስንት ይፈጃል?» አለች። እንደ ሰው ሁሉ!

ሄድሁ። በሮቹን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። ውሃ አፈሰስሁ። ጄሶ ለጠፍሁ፤ ከርሞም ተሰበረ። የሰው ቤት ሲሆን ብቻዬን እወስን ነበር፤ የልጄ ሲሆን ግን ዓይኔን አላመንሁትም። አንዲት ወጣት ኢንጂነር አስጠራን። ከእኔ ጋር ተስማማች ብል ጉራ ነው፤ አርማኛለች። እኔ ልቆፍር ካሰብሁት በላይ ዝቅ ማለት እንዳለብን፣ የሚያብጠው አፈር እስከ የት እንደሚደርስ ጉድጓድ አስከፍታ አሳየችኝ። የአጥሩ ባሕር ዛፍም የዚያን ጥግ አፈር እየጠጣ እንዳደረቀው ነገረችኝ፤ አስቆረጥነው። የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። ለልጄም ነገርኋት፤ ለአንዱ ጎን ጥማድ በሬ፣ ለውሃ ማራቂያው ቦይ ደግሞ ጊደር። ክረምቱ ሳይገባ ካልደረስን ቤቱ አይከርምም። ሌላ መግቢያ የላቸውም።

ጎበዝ ሠራተኞች መርጬ፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እያዘዝሁ የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ተከፈቱ። ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ሩቅያ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል።

«አባ፣ የሰፈሩ ሰው ነገ ለደቦ ሊመጣልን ነው! ሼህ ሙሄ ራሳቸው ናቸው ያስተባበሩት። የቀን ሠራተኛው ወጪ ቀረልን እኮ!»

«እምቢ በያቸው።»

«ደቦ እምቢ ይባላል? ነገ ስንሞት ማን ይቀብረናል?»

እውነቷን ነው። ደቦ መመለስ ጎረቤት መመለስ ነው። ሼህ ሙሄ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውን አሳፍሮ እዚያ ሰፈር መኖር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ጎረምሶቹ ዶማቸውን በትከሻ አድርገው ከኋላ። ላስረዳ ሞከርሁ። መሬት መዝለሉን፣ መጠበቁን ነገርኋቸው። አንዱ ጎረምሳ በፍቅር ትከሻዬን ያዘኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ። ለዙህር ሶላት ሳንደርስ እንጨርሰዋለን» አለ። የእትዬ ዘምዘምን ግድግዳ ቁጭ ሲል እንደገና አየሁት። ቃል አያድነኝም፤ ሰው ሊረዳህ ሲመጣ አይሰማህም።

ወደ ሼህ ሙሄ ሄጄ ዝቅ አልሁ። «ሼህዬ፣ ዱአ ሳይደረግ ዶማ አይነሣ።»

«ሐቅ ነው። የት እንቀመጥ?»

ምንጣፉን ራሴ አነጠፍሁ። በየጉድጓዱ መካከል፣ ግድግዳውን አስደግፌ፣ ባልተቆፈረው መሬት ሁሉ ላይ ሽማግሌ አስቀመጥሁ። ሼህ ሙሄ ዱአ አደረጉ፤ ጀመዓው አሚን አለ። ሊነሡ ሲሉ አጠገባቸው ተንበርክኬ በጆሯቸው ነገርኋቸው። «ሼህዬ፣ እርስዎ ከተነሡ እነዚህ ልጆች ይቆፍሩታል። ከቆፈሩት የልጄ ቤት ይወድቃል። ከዚህ በፊት ሲወድቅ አይቻለሁ።»

ግራና ቀኛቸው ያሉትን ጉድጓዶች አዩ። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመቻቹ።

«ያ ጀመዓ» አሉ ጮክ ብለው፣ «እኛ ዛሬ ከዚህ አንነሣም። ሽማግሌ ከተቀመጠበት የሚቆፍር አለ?»

ሳቅ ሆነ። «ታዲያ እኛ ምን እንሥራ?» አለ ያ ጎረምሳ። ቦዩን አሳየሁት፤ ከግድግዳው ርቆ እስከ መንገዱ የሚሄደውን። ለዙህር ሳይደርሱ ጨረሱት። ጊደሯ በደቦ ተከፈለች።

ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ሽማግሌዎቹ እየተፈራረቁ መጥተው እዚያው ተቀመጡ፤ ወጋቸውን እዚያ ጠረቁ። ሼህ ሙሄ ሩቅያን ባዩ ቁጥር «ልጄ፣ የመቀመጫዬን ደሞዝ አምጪ» ይሏታል። የተሞላው ሲጠና ወደዚያ ተዛወሩ፤ ተነሥተው በለቀቁት ቦታ ደግሞ ቆፈርን። ግድግዳው አልተነቃነቀም። ሥራው ሲያልቅ በስንጥቁ ላይ አዲስ ጄሶ ለጠፍሁ። ከዚያ ደሴ ወጣሁና የእትዬ ዘምዘምን በር ከጥላው አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ በጭነት መኪና ይዤው ወረድሁ። ለሩቅያ የፊት በር አድርጌ ሰቀልሁት።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ሲጥል ከርሞ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«አባ፣ የፊት በሩ አልዘጋ አለ። ወለሉን ይፈትጋል።»

በር መዋሸት አይችልም። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲወርድ ሾፌሩን ፍጠን ልበለው ቀስ በል ልበለው አላውቅም ነበር። በየኩርባው ያ ግድግዳ ቁጭ ይላል። ልጄ ዕቃዋን በሸራ ሸፍና ደጅ ላይ ቆማ ትታየኛለች። «ያ ረቢ፣ እሷን ብቻ አደራ» እያልሁ ደረስሁ።

በሩ እውነትም ይፈትጋል። ሩቅያን ሰላም ሳልላት የመኝታ ቤቱን በር ከፈትሁ፤ ዘጋሁት፤ ገጠመ። የኋላውን ሞከርሁ፤ ገጠመ። «አባ፣ ሰላምታው ለበሮቹ ነው?» እያለች ተከተለችኝ። ጄሶው ጋ ሄድሁና በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት። ጸጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። ቱምቢ ጣልሁ፤ ግድግዳው ቀጥ ብሏል። ተመልሼ የእትዬ ዘምዘምን በር በመዳፌ ዳበስሁት። ራሱ እንጨቱ ነው። ስንት ዘመን ከጥላ ሥር ደርቆ ኖሮ፣ ዘንድሮ ዝናብ ሲመታው ጠጥቶ አብጧል። ቤቱ አልሄደም።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ሆነብኝ። ሩቅያ ደንግጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገሩ ሲገባት ትከሻዬን መታችኝ። ከጎረቤት መላጊያ አስመጥቼ የበሩን ታች ላግሁት።

«ለዚህስ ስንት ልክፈል?» አለችኝ።

«ይሄ በግም አይሞላ። ዶሮ ነው።»

ልሞክረው ብዬ ወጣሁ፤ እሷ ከውስጥ ገፋችው። እትዬ ዘምዘም ሊወጡበት የለመኑት በር ልጄን ውስጥ አድርጎ ገጠመ። የወይራው መቀርቀሪያ ቀጭ ብሎ ገባ። እኔ ደጅ፣ ዝናቡ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«አባ፣ ግባ እንጂ! ምን ትሠራለህ ዝናብ ላይ?»

«ቆይ» አልኋት። «እስቲ ክፈቺና አንዴ ድገሚው።»

ከፈተችው። ዘጋችው።